አባየ ያዛመዳቸው ቃላት

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ዛሬ አምስተኛ ‘ለ’ን ፈተንሁ። ማዛመድ ነው። በግራ አሥር የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ አሥር ትርጉም። ቀላል መስሎኝ ነበር... ግማሾቹ “ጎረቤት” ለሚለው ቃል “ሥጋ የሚቆረጥበት ስለታም ብረት” የሚለውን ሰጥተውታል። መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ሳርም ብቻዬን ስስቅ ዋልሁ።

አባየ ከአገራችን ከትክል ድንጋይ ከመጣ ዛሬ አሥር ቀኑ። ሆዱን ያመዋል፣ እህል አይረጋለትም። ወንድሜ ላቀው ነው በግድ አሳፍሮ የላከው። “አዝመራው ሳይገባ የት እሄዳለሁ?” ብሎ አስቸግሮ ነበር አሉ። እዚህ አዘዞ፣ ቤቴ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ እንዴት አደራችሁ ይላል። አራት ዓመት የኖርሁበትን ሰፈር በአሥር ቀን ከእኔ በላይ አወቀው።

ነገ የምርመራው ውጤት ይሰጠናል። ከጨጓራ አያልፍም።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

አልፏል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከእኔም ሳያንስ አይቀርም። አባየን አልጋው ላይ ትቶ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

“ሌላ የቤተሰብ ሰው የለም?”

“ትልቋ እኔ ነኝ። እናታችን የለችም።”

ጉበቱ ላይ ነው አለ። ካንሰር። ተሰራጭቷል። ቀዶ ጥገና አይሆንም፣ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው የምንችለው... ስንት ጊዜ አለው? አልሁ። ወራት አለ። ስንት ወር? የያዘውን ወረቀት አጠፈ።

“ለእሳቸው እንዴት እንደምትነግሯቸው ተመካከሩበት።”

“አይነገረውም” አልሁ። አላሰብሁም። አፌ ነው ያለው።

ስመለስ አባየ ጫማውን አጥልቆ ጨርሷል።

“ምን አለሽ?”

“ጉበትህ ትንሽ ደክሟል አለ። መድኃኒት ሰጥቶናል።”

“ሸጋ። እንሂዳ በይ።”

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ለላቀው ደወልሁ። ለእሱም “ትንሽ ጉበቱን ነው” አልሁት። እሱ ካወቀ አገር ያውቃል፣ አገር ካወቀ አባየ ይሰማል። በሁለት ቀን ሁለት ሰው ዋሸሁ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ለሰኞ የሚሆን የማዛመድ ልምምድ ሳዘጋጅ አባየ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገ።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“በግራ ያለውን ቃል በቀኝ ካለው ፍች ጋር ማገናኘት ነው። መስመር ታሰምራለህ።”

“እስቲ አንዱን ለእኔ ስጪኝ።”

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። “ሥራ ፈትቼ እየበላሁ ነው። አንቺ ጧት ትሄጃለሽ፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ። አስተምሪኝ እንጂ።”

አባየ ማንበብ የተማረው በልጅነቱ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳዊት ይደግማል፣ የቀበሌ ማስታወቂያ ለሰፈሩ ሁሉ ያነባል። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አንድም አያውቅም። ሃያ ስድስቱንም ጻፍሁለት። እስከ ምሳ ሰዓት አሥሩን ለየ። “ኪው”ን ሲያይ “ይችማ ጭራ ያላት ናት” አለ።

ስንት ጊዜ ሆነኝ እንዲህ ደስ ካለኝ? ከዚያ ደግሞ ትዝ ይለኛል።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

አባየ ስድሳ ሦስት ቃል አወቀ። ከአምስተኛ ‘ለ’ ጎበዝ ተማሪዎች ይበልጣል። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ወረቀት አስቀምጥለታለሁ፣ ስመለስ ሠርቶ ይጠብቀኛል። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ደረቱን ነፍቶ ያየኛል። ዛሬ አንድ ተሳሳተና ሊከራከረኝ ፈለገ።

“ፋርመር” ለሚለው ትርጉሙን “መሬት አርሶ እህል የሚያመርት ሰው” ብዬ ጽፌ ነበር።

“አልጨረስሽውም” አለኝ።

“ምኑን?”

“ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው ብለሽ ጨምሪበት። ማረሱንማ በሬውም ያርሳል።”

ጨመርሁበት።

ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። ሁለተኛው ነው። ያላየሁ መሰልሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል ነው ዛሬ። ቀጠሮውም ዛሬ ነበር። ከጧት ጀምሮ ተሰልፈን ሰባት ሰዓት ላይ ወጣን። ወረቀቶቹን ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ የምይዛቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን መድኃኒት ቤቱ መስኮት ጋ ግፊያ ስለነበር “ያዝልኝ አባየ” ብዬ ሰጠሁት። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ቤት ገብተን መዳፉን ዘረጋልኝ። በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ፊደል በፊደል፣ ሳያዛንፍ።

“አ... ድ... ቫን... ይኼን ቃል አላስተማርሽኝም። ከጉበት አጠገብ ነው ያለው። ‘ሊቨር’ን አውቃታለሁ።”

አድቫንስድ።

አየሁት። አየኝ። ዓይኑ ነጩ ቢጫ ሆኗል ሰሞኑን...

“ወደ ፊት የሄደ ማለት ነው” አልሁ። “የተሻሻለ።”

“የተሻሻለ?”

“አዎ።”

“ሸጋ ነዋ! እንግዲያ ተሽሎኛል።”

“አዎ አባየ።”

ትርጉሙ እኮ ውሸት አይደለም። መዝገበ ቃላቱ ላይ አለ። ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ ትምህርት ሲሆን እንደዚያ ነው ፍቹ። ለበሽታ ሲሆን ግን... አስተማሪ ነኝ እኔ። አስተማሪ ነኝ እያልሁ ሰው ፊት እቆማለሁ።

እጁን ሲታጠብ አየሁት። ጽሑፉ ቶሎ አልለቀቀም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ቃል ጠፋኝ።

እናቴ የሞተች ጊዜ ኮሌጅ ነበርሁ። ፈተና ላይ ነች ብለው ሃያ ሁለት ቀን ደበቁኝ። ያዘዘው አባየ ነው። “ልጄ ትፈተን” ብሎ። ከተቀበረች በኋላ ሃያ ሁለት ቀን ስቄአለሁ፣ ፀጉሬን ተሠርቻለሁ፣ ልደት አክብሬአለሁ። ሲነግሩኝ ከሞቷ ይልቅ ያ ሃያ ሁለት ቀን ነበር ያቃጠለኝ። ሁለት ዓመት አኩርፌዋለሁ በእሱ።

እንግዲህ እኔስ?

ነገ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አልነገርሁትም።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ሆዱ አብጧል። እግሩም። የሚበላው አጥሚት ብቻ ነው፣ እሱንም ለእኔ ብሎ። ልምምዱን ግን አላቋረጠም። ተኝቶ ነው አሁን የሚሠራው፣ ደረቱ ላይ ደብተር አድርጎ።

ዛሬ እንዲህ አለኝ። “ዓይኔ፣ አገሬ ብሄድስ? ባቄላው ደርሷል ይላል ላቀው።”

“ሕክምናውን ሳትጨርስ?”

“ይጨረሳል እንዴ?”

“ሐኪሙ እስከ ጥር መጨረሻ ይቆዩ ብሏል” አልሁ። አላለም። መንገዱም በጸጥታው ሰበብ ይዘጋል ይከፈታል፣ የታመመ ሰው አይጫንም አልሁ። እሱ እውነት ነው። ግን ለምንድን ነው ያላስሄድሁት? ከሄደ የሚያበቃ ስለሚመስለኝ ነው። እዚህ እያለ ግን... ተማሪዬ ነው።

“እሽ” አለ። ሁልጊዜ እሽ ማለት መቼ ጀመረ?

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ በስልክ ሲያወራ ደረስሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። “አዎን አባቴ... አዎን፣ እንግዲህ እርስዎ እንዳሉት... ሁሉንም ነው የምናገረው” ይላል። ስገባ ዘጋው። ከቄስ ሐብተ ማርያም ጋር ነው አለኝ፣ የንስሐ አባቱ ናቸው።

“ምን አሉህ?”

“ሰላምታ ነው።”

ለሰላምታ ዓይን ይቀላል?

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

መሽቷል። ቢሆንም ዛሬውኑ ልጻፈው።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባየ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ወረቀት። የተማሪ ፈተና ጀርባ ነው፣ ከጣልሁት ውስጥ ያነሳው።

“ዛሬ ፈታኙ እኔ ነኝ” አለ። “ነይ ተቀመጭ።”

ጨዋታ መስሎኝ እየሳቅሁ ተቀመጥሁ። ወረቀቱን ሰጠኝ።

በግራ አምስት ቃል፣ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ፊደሎቹ ተራርቀው። ሊቨር። ማስ። አድቫንስድ። ፓሊየቲቭ። ዶተር።

በቀኝ በአማርኛ፣ አዘበራርቆ። ዕብጠት። ሴት ልጅ። የገፋ፣ ሥር የሰደደ። ጉበት። ሕመምን የሚያስታግስ ነገር ግን የማያድን።

እርሳሱን እጄ ላይ አስቀመጠ። “አዛምጅ።”

“አባየ...”

“አዛምጅ ስልሽ።”

አንዱን አዛመድሁ። “ዶተር”ን ከ“ሴት ልጅ” ጋር። ሌላው ላይ እርሳሱ አልሄድልሽ አለኝ። ወረቀቱ ረጠበ። አባየ እርሳሱን ቀስ ብሎ ከጣቴ ወሰደና የቀሩትን አራቱን መስመሮች ራሱ አሰመራቸው። ቀጥ አድርጎ። አንዱንም አልሳተ።

“ስንት አገኘሁ?” አለኝ።

“አምስት ከአምስት።”

ውጭ ሰው ያልፋል፣ ልጆች ይጮኻሉ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?”

“ከሚካኤል ማግስት። ሌሊት ተኝተሽ ሳለ ወረቀቶቹን ከቦርሳሽ አውጥቼ ቃሎቹን ገለበጥሁ። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጅ መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው አወረድሁት። ያቺ ቃል ሦስት ፍች አላት። አንቺ አንዱን ብቻ ነው የነገርሽኝ።”

“ምነው ታዲያ ዝም አልኸኝ?”

“አንቺስ ምነው ዝም አልሽኝ?” ቁጣ የለበትም። መልስ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። “ከትምህርት ቤት ስትመጭ ፊትሽ ይበራል። ወረቀቴን ስታርሚ ትስቂያለሽ። ይኼን እንዴት ልቀማሽ? እኔስ ብሆን መማሩ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነው ዓይኔ። ንስሐዬን በስልክ ጀምሬያለሁ። በስልክ አይጨረስም።”

ከዚያ ትንሽ አረፈ። ትንፋሽ ያጥረዋል።

“እናትሽ ጊዜ... ያኔ የሠራሁት ልክ መስሎኝ ነበር። ፈተናሽን አለፍሽ፣ አስተማሪ ሆንሽ፣ ይኼው ልክ ነበርሁ እል ነበር። አሁን በእኔ ሲደርስ አየሁት። ሰው የራሱን ነገር ከሌላ ሲሰማ እንዴት እንደሚያንስ። ይቅር በይኝ።”

እኔ ነበርሁ ማለት የነበረብኝ። ቀደመኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ያበጠ እግሩ ላይ... እንዳያመው ብዬ ደግሞ ተነሳሁ።

“አሁን አገሬ ውሰጅኝ” አለ።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

ለላቀው ደውዬ ሁሉንም ነገርሁት። መጀመሪያ ጮኸብኝ። ቀጥሎ አለቀሰ። “እኔ እኮ በየቀኑ ስለ በሬ ነበር የማወራው ከእሱ ጋር” አለ።

መንገዱ ዝግ ነው አሉ።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ

ገና ነው። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። አባየ ሁለት ጉንጭ አጥሚት ቀመሰ። ብዙ አወራን። አሥራ ሁለት ዓመት ያላወራነውን። እናቴ በመጨረሻዋ ቀን ያለችውን ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ጥር 2፣ ዓርብ

ደረስን። ማለዳ ተከፈተ ሲሉን አንድ ማኪና ለመንን፣ ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛነው። ጠመዝማዛው ላይ ሲያንገላታው ከንፈሩን ነክሶ ነበር። ትክል ድንጋይ ስንደርስ ገበያ ቆሟል። “አያ ፋንታሁን መጡ!” እያሉ ወጡ ሰዎቹ... ሲያዩት ግን ቃሬዛ ፍለጋ ሮጡ ሁሉም።

ከከተማው እስከ ቤታችን በቃሬዛ ነው የተሸከሙት። እየተሸከሙት የገብሱን ማሳ ለማየት ራሱን ቀና ያደርግ ነበር።

አክስቴ እቴነሽ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ሮጣ መጣች። የአባየ ታናሽ እህት ናት፣ ከሰባት ልጅ የቀሩት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። “ወንድማለም!” ብላ ተንበረከከች። ዓይኑን፣ ሆዱን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ምነው? ምነው ዓይናዲስ?”

ከዚያ ወዲያ አታናግረኝም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ቄስ ሐብተ ማርያም ሲገቡ ሁላችንንም አስወጡን። ሁለት ሰዓት ቆዩ። ትናንት ቀንዲል ተደረገለት፣ ዛሬ ቆረበ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቀለለው።

ጠያቂው አይቋረጥም። አባየ ለሁሉም አንድ ነገር ነው የሚላቸው። “እኔ እንግዲህ እሄዳለሁ፣ ያስቀየምኋችሁ ካለ ይቅር በሉኝ።” ሰዎቹ ይደነግጣሉ። “ኧረ ይተው አያ፣ ይድናሉ” ይላሉ። “አልድንም፣ ልጄ እንግሊዝኛ አስተምራኛለች” ይላቸዋል። የገባው ሰው ግን አለ?

ሁለቱን በሬዎችና የላይኛውን ማሳ ለላቀው፣ የታችኛውን ለእኔ አለ። እኔ ምን አደርገዋለሁ? ሰማይ ታይበታለሽ አለኝ።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

“ገብስን ምን ይሉታል?” አለኝ ጧት። ድምፁ ቀጭን ሆኗል።

“ባርሊ።”

“ባርሊ...” ሁለት ጊዜ አለው። “ሸጋ ስም ነው።”

ጥር 13፣ ማክሰኞ

አባየ ዛሬ ጧት አረፈ። አንድ እጁን ላቀው፣ አንዱን እኔ ይዘን ነበር። አክስቴ ወንዙን ተሻግራ አልደረሰችለትም።

ጥር 16፣ ዓርብ

ድንኳኑ ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። “ለበሽተኛ ይነገራል? ተስፋውን ቆረጠችበት እንጂ፣ ዓመት ይኖር ነበር።” የተማረች ስለሆነች ነው አለች አንዷ።

አልተከራከርሁም። እኔ ነግሬው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ይኼን ማን ይረዳኛል?

አክስቴ ከጎኔ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አታየኝም። እሷም እንደ እነሱ ነው የምታስበው ማለት ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ተዝካሩ ወጣ። አክስቴ ማሰሮ ስታቀብለኝ እንኳ ለሌላ ሰው ሰጥታ ነው ያሳለፈችልኝ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ፈተና አወጣሁ። ርዕሰ መምህሯ አየችው። “ዘንድሮ ማዛመድ የለም እንዴ?”

ባዶ ቦታ ሙሉ ብቻ ነው ያወጣሁት፣ አልኋት። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፣ ጥሩ ሰው ናት። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። በግራ ቃሎቹን እጽፋለሁ፣ በቀኝ በኩል ትርጉሞቹን ሳዘበራርቅ እጄ ይቆማል።

በርጩማውን ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጎረቤቶቼ አሁን ሰላም ይሉኛል። የእሱ ሰላምታ ነው።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት አክስቴ እቴነሽ! ከኋላዋ ላቀው። ጎኔን ወጋኝ ስትል ከርማ ትናንት ሆስፒታል አምጥቷት ነው። እሷ ገብታ ተቀመጠች፣ ላቀው ማኪና እጠይቃለሁ ብሎ ወጣ። ሰበብ ነው፣ ገብቶኛል።

ውኃ ሰጠኋት። ጠጣች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ የተጣጠፈ ወረቀት።

“አንብቢልኝ።”

ቀና ሳልል ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ሁለተኛም አነበብሁት።

“የሐሞት ከረጢትሽ ውስጥ ጠጠር አለ። ምናልባት በቀዶ ጥገና ይወጣል። ሌላ ክፉ ነገር አልተጻፈም።”

“ይኼው ነው?”

“ይኼው ነው።”

“ለወንድማለም ያልዋሸሽ ለእኔ አትዋሽም” አለች።

ዝም ብል ይቻል ነበር። አልቻልሁም።

“ዋሽቼዋለሁ አክስቴ። ከጥቅምት ጀምሮ። ራሱ ነው ያወቀው፣ ከመጽሐፍ። እኔ አልነገርሁትም።”

“አውቃለሁ። ነግሮኛል።” ነጠላዋን አስተካከለች። “እውነቱን ትናገሪ እንደሆን ልይሽ ብዬ ነው።”

“ታዲያ... ነገርሽው ብለሽ አይደለም እንዴ ያኮረፍሽኝ?”

ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

“ለእሱ ነገርሽው አልነገርሽው፣ የአባትና የልጅ ነገር ነው። ለእኔ ነው ያልነገርሽኝ። እህቱ አይደለሁም? ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ተኝቶ... ‘ጉበቱን ነው፣ ደህና ነው’ ይለኛል ላቀው፣ እኔም ደህና ነው ብዬ ሽሮ ስፈጭ ነበር። ባውቅ እመጣ ነበር። ማኪና ቢጠፋ በእግሬ እመጣ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሰጠሽኝ ዓይናዲስ። ለቀረኝ አንድ ወንድም አሥራ አንድ ቀን።”

አባየን ዋሸሁት፣ ላቀውን ዋሸሁት እያልሁ ስንት ወር ራሴን ስከስስ... እሷ አንድ ቀን ትዝ ብላኝ አታውቅም። ሃያ ሁለት ቀን ተደብቄ ሁለት ዓመት ያኮረፍሁ እኔ።

“ይቅር በይኝ” አልሁ።

“ብዬ ነው የመጣሁት። ባልል እመጣ ነበር?”

አለቀስን። አጥብቃ አቀፈችኝ፣ ጎኗን እንዳላማት ፈራሁ። ከዚያ ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ። እስቲ እንደገና፣ ቀስ ብለሽ፣ አለችኝ። እያንዳንዷን ቃል እያሳየሁ አነበብሁላት።

እኔ ዘንድ ታድራለች። ሰኞ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አላት። አብሬያት እገባለሁ። የሚለውን ሁሉ እዚያው፣ ፊቱ፣ ቃል በቃል እነግራታለሁ።